አሸዋማ ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ለምን ይታጠፋል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ እንደምን አሉ? በቦሰት ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ከአዳማ እየተመላለስኩ ነው የምሠራው። የምነዳው ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ሞተር ሳይክል ነው። ኮረኮንችም ድንጋይም፣ ጭቃም ቢሆን እምብዛም አያስቸግረኝም። አሸዋ የሞላበት ኩርባ ስደርስ ግን የፊቱ ጎማ ሳላስበው ወደ ውስጥ ይታጠፍና ይጥለኛል። ፍጥነት ቀንሼ ብገባ ጭራሽ ይብሳል። ጓደኞቼ ‹ወደ ታንኩ ተጠግተህ ተቀመጥ፣ የውስጥ እግርህን ዘርጋ› ይሉኛል፤ በቪዲዮም ያየሁት ይህንኑ ነው። ከኋላ የክትባት ሳጥን እጭናለሁ። ምን ላድርግ? ወይስ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ነው፣ 250 ልቀይር?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈኸዋል። «ፍጥነት ቀንሼ ብገባ ጭራሽ ይብሳል» ያልከው ነገር ላይ ነው ያለው። አዳማ ላይ የማሠለጥናቸው የመስክ ሠራተኞች፣ የጤናውም የግብርናውም፣ ወድቀው ሲነሡ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው፤ ጥንቃቄ ባበዙ ቁጥር መውደቃቸው ይበዛል። መጠንቀቃቸው ልክ ነው፤ የሚጠነቀቁበት ቦታ ግን ዘግይቷል። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ከመጀመሩ በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ጋዝ መዝጋት የፊቱን ጎማ በገዛ እጅ አሸዋ ውስጥ መቅበር ነው።

ለምን እንደሆነ ከገባህ እጅህ በራሱ ይታዘዝልሃልና ትንሽ ታገሠኝ። ጠንካራ መሬት ላይ ጎማ ከላይ ከላይ ይሽከረከራል። አሸዋ ላይ ይሰምጥና ከፊቱ ያለውን እየገፋ ይሄዳል። መሪውን ስታዞር ደግሞ ጎኑን ለአሸዋው ይሰጥና ማረሻ ይሆናል፤ መዞሩን ትቶ ይቆፍራል። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሞተር የፊት ጎማ በራሱ የሚቀናው፣ መሬት የሚነካበት ቦታ የመሪው ዘንግ ወደ መሬት ከሚያነጣጥርበት ነጥብ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚሆን ነው። መሬቱ ጎማውን ወደ ኋላ ሲጎትተው መሪው ቀጥ ይላል። ጥልቅ አሸዋ ውስጥ ግን ተቃውሞው ከሥር ብቻ አይመጣም፤ ከጎማው ፊት ለፊትም ይመጣል። ይህ ከፊት የሚመጣው ግፊት መሪውን የሚያቀናውን ኃይል ያዳክመዋል፣ ጎማው በጣም ከሰመጠ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይለውጠዋል። ያን ጊዜ መሪው ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነበለ እንደሆነ አሸዋው ራሱ ይጨርሰዋል። «ሳላስበው ታጠፈ» ያልከው እውነትህን ነው፤ ያጠፍከው አንተ አይደለህም።

አሁን ጋዝ ስትዘጋ የሚሆነውን በቁጥር እንየው። ኤክስቲዜድ ብቻውን ከ110 ኪሎ በላይ ነው፤ ከአንተ ጋር 190 ኪሎ ገደማ ትሆናላችሁ እንበል። የክብደታችሁ መሐል ከመሬት 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከጎማ እስከ ጎማ ያለው ርቀት ደግሞ 1 ሜትር ከ34 ነው። ለስላሳ አሸዋ ፍሬን ሳትነካ እንኳ ይይዝሃል። የክብደታችሁን ሩብ በሚያህል ኃይል ወደ ኋላ ቢጎትታችሁ፣ 30 ኪሎ ያህል ጭነት ከኋላ ጎማ ተነሥቶ ወደ ፊት ይተላለፋል። የፊት ጎማህ ቀጭን ነው፤ 30 ኪሎ ሲጨመርበት ይሰምጣል። ሲሰምጥ ተቃውሞው ይበረታል፣ ተቃውሞው ሲበረታ ተጨማሪ ጭነት ወደ ፊት ይመጣል። አንዱ ሌላውን እያባባሰ በዐይን ጥቅሻ መሬት ላይ ነህ።

ጋዝ ሲሰጥ ሁሉም ይገለበጣል። ጭነቱ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል፣ የፊቱ ይቀልና ወደ አሸዋው ላይኛ ንጣፍ ይወጣል፣ መሪው መልሶ በራሱ መቅናት ይጀምራል። የአሸዋ ኩርባ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩን ማጋደል ከጀመርክበት ቅጽበት አንሥቶ ኩርባውን እስክትወጣ ድረስ የቀኝ እጅህ ጋዝ አይዘጋም። ብዙ መስጠት የለብህም። ትንሽ፣ ግን ያልተቋረጠ። ሌላው የምነግርህ ነገር በሙሉ ይህንን ለማድረግ እንድትችል የሚያግዝ ነው።

ወደ ጓደኞችህ ምክር ልምጣ፤ ክፉ አስበው አይደለም። «ወደ ታንኩ ተጠጋ፣ እግርህን ዘርጋ» የሚለው በጠንካራ አፈር ላይ ለሚደረግ የሞተር ክሮስ ውድድር ትክክል ነው። እዚያ የፊት ጎማ መሬቱን እንዲነክስ ጭነት ይፈልጋል፤ ጋላቢው ወደ ፊት ቀርቦ ጭነቱን ይሰጠዋል። አሸዋ ላይ ይህንኑ ብታደርግ ቅድም ባየነው 30 ኪሎ ላይ የራስህን ጨምረህ ትጭንበታለህ። ስለዚህ በአሸዋ ኩርባ የምትቀመጠው የመቀመጫው መሐል ላይ ነው፣ ምናልባት ከመሐል አንድ ጭብጥ ወደ ኋላ። እስከ ጫፍ ግን አትሂድ። ጨርሰህ ወደ ኋላ ከሄድክ የፊት ጎማው ምንም ስለማይዝ መዞር ትቶ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ክንድህም ይወጠርና መሪውን ትጎትታለህ። ይህንን ለራስህ መመርመሪያ አድርገው። የፊቱ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወይ ጋዝ ዘግተሃል ወይ ወደ ፊት አብዝተሃል። ወደ ውጭ ከሸሸ ወደ ኋላ አብዝተሃል፣ ወይም ሞተሩን ሳታጋድል ጋዙን አብዝተህ ከፍተሃል።

እግር መዘርጋቱን በተመለከተ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። ተወዳዳሪዎች ሲዘረጉት እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠንካራ ቦት አድርገው ነው። እግሩንም ወደ ፊት፣ ከፊቱ አሞርዛቶር ጎን ከፍ አድርገው ይይዙታል እንጂ መሬት ላይ አይጎትቱትም። አንተ በተራ ጫማ ወይም በላስቲክ ቦቲ ከዘረጋኸው አሸዋው ተረከዝህን ይይዘዋል፣ ሞተሩ ይቀጥላል፣ ጉልበትህ በመሐል ይጠመዘዛል። የጉልበት ጅማት ጉዳት ለወራት ያስቀምጣል። ስለዚህ ሁለቱም እግሮችህ መርገጫው ላይ ይቆዩ። ዋናው ሥራ ያለው የውጪኛው እግር ላይ ነው፤ ወደ ግራ ስትዞር የቀኙን፣ ወደ ቀኝ ስትዞር የግራውን መርገጫ አጥብቀህ ወደ ታች ጫነው። ይህ ጫና የኋላ ጎማ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ያደርጋል፣ አንተንም ሞተሩ ላይ ያረጋጋሃል።

አሁን አንድ ኩርባ አብረን እንግባ።

ቀጥታው ላይ መርገጫው ላይ ቆመህ እየነዳህ ነው። ጉልበቶችህ ታንኩን ጠበቅ አድርገው ይዘዋል፣ ዳሌህ ትንሽ ወደ ኋላ ነው፣ እጆችህ ላልተዋል። መሪው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ይወዛወዝ። አሸዋ ላይ የፊት ጎማ ትንሽ መንከራተቱ ተፈጥሮው ነው፤ ክንድህን አደንድነህ ልታስተካክለው ከሞከርክ የአንተን መንቀጥቀጥ ትጨምርበታለህ። ሞተሩን የምትይዘው በጉልበት ነው፣ በእጅ አይደለም። ብዙ ሰው አሸዋ ላይ ክንዱ ዝሎ የሚወርደው ይህንን ስላላወቀ ነው።

ከኩርባው በፊት ፍጥነትህን ትቀንሳለህ። አሸዋው ራሱ ስለሚይዝህ አስፋልት ላይ ከለመድከው ያነሰ ፍሬን ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ጋዙን ትንሽ መቀነስ ብቻውን ይበቃል። ካስፈለገህ የኋላውን ተጠቀም። የፊቱ ዲስክ ስለሆነ ኃይለኛ ነው፤ ሞተሩ ፍጹም ቀጥ ብሎ ሳለ በአንድ ጣት ለስለስ አድርገህ መንካት ትችላለህ፣ ከማጋደልህ በፊት ግን ጣትህ ሙሉ በሙሉ መነሣት አለበት። ማርሽም የሚቀነሰው እዚሁ ነው። ኩርባ መሐል ማርሽ መቀነስ ጋዝ ከመዝጋት አይለይም፤ ኢንጅኑ የኋላ ጎማውን ይይዝና ጭነቱ እንደገና ወደ ፊት ይዘላል።

ቀጥሎ ያለው ቅጽበት ከባዱ ነው። ዐይንህ ወደ ኩርባው መውጫ ይሄዳል፤ የፊት ጎማውን አታየውም። ሰው ወደሚያየው ነው የሚሄደው፤ ጎማህን ካየህ ጎማህ ሥር ትወድቃለህ። ጋዙን ትንሽ ከፈት ታደርጋለህ፤ ከማጋደልህ በፊት ነው፣ በኋላ አይደለም። ከዚያ ሞተሩን ከሥርህ ወደ ውስጥ ታጋድለዋለህ፣ ራስህ ግን ከሞተሩ ይልቅ ቀና ብለህ ትቀራለህ። የውጪው ክርንህ ከፍ ይላል፣ የውጪው እግርህ መርገጫውን ይጫናል። መሪውን በጣም ትንሽ ነው የምታዞረው። አቅጣጫ የሚሰጥህ የሞተሩ መጋደልና የኋላ ጎማው ግፊት ነው። ኩርባው ሰፊ ከሆነ እንደቆምክ እለፈው። ጠባብ ከሆነ በምታጋድልበት ቅጽበት ተቀመጥ፤ ቀድመህ፣ ገና ፍጥነት እየቀነስክ ሳለ ከተቀመጥክ ሰውነትህ በራሱ ወደ ታንኩ ይንሸራተታል።

መሐል ላይ አንድ ጊዜ የፊቱ ጎማ ይንሸራተታል። አይቀርም። በዚያች ቅጽበት አእምሮህ «ዝጋ!» ይልሃል። የምትለማመደው ይህንን ትእዛዝ እምቢ ማለትን ነው። ትንሽ ጋዝ ጨምር፣ የውጪውን መርገጫ ተጫን፣ ብዙውን ጊዜ የፊቱ ተነሥቶ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ሰዎች ይህንን ስነግራቸው ያምኑኛል፣ ሞተሩ ላይ ሲወጡ ግን እጃቸው አያምነኝም። በንግግር አይመጣም፤ ለዚህ ነው ወደ ልምምዱ ኋላ የምመለስበት።

ኢንጅንህ 125 ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ባለ 450 ሞተር የሚነዱ ሰዎች «አንድ ማርሽ ከፍ አድርገህ ግባ» ይላሉ፤ ለእነሱ ልክ ነው። አንተ ግን ከፍ ባለ ማርሽ ከገባህ ኢንጅኑ ይታፈንና ልክ ጋዝ በሚያስፈልግህ ሰዓት ይከዳሃል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆነህ ዙሩን ከፍ አድርገህ ጠብቀው። ሲታፈን ከተሰማህ በአንድ ጣት ግማሽ ፍሪሲዮን ያዝ፣ ዙሩ ይነሣ፣ መልሰህ ልቀቅ። ፍሪሲዮኑን ያለማቋረጥ ይዞ መንዳት ግን ያቃጥለዋል፤ ለቅጽበት ብቻ ነው።

ስለ መስመር ደግሞ የአንተ ሁኔታ ከተወዳዳሪ በጣም ይለያል። የውድድር ሜዳ ላይ በኩርባው ውጪ በኩል ጎማዎች አሸዋውን እየገፉ ግድብ ይሠራሉ። ጋላቢው ሁለቱንም ጎማ እዚያ ግድብ ላይ ያስደግፍና ጋዝ ይሰጣል፤ ግድቡ ስለሚይዘው ከሚታሰበው በላይ ፈጥኖ ይዞራል። በወረዳ መንገድም ይህ ግድብ አለ፤ አይሱዙና ባጃጅ ይሠሩታል። ነገር ግን እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ወደ ግራ በሚዞር ኩርባ የውጪው ግድብ የራስህ ጎን ላይ ስለሆነ ተጠቀምበት። ወደ ቀኝ በሚዞር ኩርባ ግን የውጪው ግድብ ያለው ከፊት የሚመጣው መኪና በሚሄድበት በኩል ነው፤ አሻግረህ ማየት ካልቻልክ አትሂድበት። በቁጥቋጦ በተጋረደ ኩርባ ከወዲያ አሸዋ የጫነ አይሱዙ፣ የግመል መንጋ ወይም ጋሪ ሊኖር ይችላል። እዚያ ላይ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ቀድመህ በደንብ ቀንስ፣ በራስህ ጎን ሞተሩን ብዙ ሳታጋድል፣ በትንሽ ጋዝ ዙር።

መኪና ቀድሞ የቆፈረው የጎማ ቦይ ሲያጋጥምህ ከሁለቱ አንዱን ምረጥና በመረጥከው ጽና። መሐል ላይ ያለው ከፍ ያለ ጉብታ ብዙ ጊዜ የላላ ነው፤ ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው ለመሻገር ኩርባ ውስጥ መሞከር የፊቱን ጎማ ጎኑን ለቦዩ ግድግዳ መስጠት ነው። ቦዩ ራሱ ያዞርሃል። ዐይንህን ወደ ፊት አርቀህ፣ ጋዝህን እኩል ይዘህ ተከተለው።

አሸዋ ስትል ደግሞ በእናንተ በኩል አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይህንን ለይቶ ማየት ግማሽ ሥራ ነው። ወንዝ ያጠበው ሻካራ አሸዋ አለ፤ ሸለቆ ስታቋርጥ የምታገኘው። ጥልቅ ቢሆንም ባሕርይው አይለዋወጥም፣ ለመማር ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ሁለተኛው ለብሎኬት የሚወሰደው ፑሚስ ነው። አካባቢው ስምጥ ሸለቆ ነው፣ የቦሰት ተራራም እሳተ ገሞራ ነውና ፑሚሱና አመዱ በየቦታው አለ። የፑሚስ ፍሬ በውስጡ አየር ስላለው ቀላል ነው፤ ጎማ ሲጫነው እርስ በርሱ ከመያያዝ ይሸሻል። በተለይ በጠንካራ መሬት ላይ ስስ ሆኖ ከተበተነ ከጥልቁ ይልቅ አታላይ ነው፤ ጥልቁ ላይ ጎማ ቢሰምጥም የሚይዘው ነገር አለው፣ ስሱ ላይ ግን በድንገት ይከዳል። እዚያ ላይ እምብዛም አታጋድል። ሦስተኛው የላመ አመድ ነው፣ መኪና ሲያልፍ ሰማይ የሚያለብሰው። የሱ ችግር ጉድጓድንና ድንጋይን መሸፈኑ ነው። ሥሩ ስለማይታይ እዚያ ላይ ፍጥነት አልመክርህም፤ ቆመህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ እለፍ።

ጊዜም ይለያል። ትንሽ እርጥበት ያለው አሸዋ ውኃው ፍሬዎቹን እርስ በርስ ስለሚያያይዛቸው ጠንከር ይላል፤ በበጋ ከሰዓት፣ ፀሐዩና የአዳማ ነፋስ ካደረቁት በኋላ፣ ያው ኩርባ ሌላ ኩርባ ነው። ጠዋት በደህና ያለፍክበትን በዘጠኝ ሰዓት በዚያው ፍጥነት አትግባ። ብርሃንም እንደዚያው ነው። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ጥላ ስላለ የጎማ ቦይና ጉብታ ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ይሆንና ጥልቀቱን መለየት ያስቸግራል። ፕሮግራምህን የምታወጣው አንተ ከሆንክ አሸዋ የበዛበትን ቀበሌ ጠዋት አድርገው።

ስለ ጎማ አየር። ጎሚስታ ጋ ዝም ካልክ አስፋልት አስቦ አጥብቆ ይሞላልሃል። ለአሸዋ ይህ በጣም ይበዛል። አየር ሲቀንስ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ይረዝማል፣ ክብደቱ ይሰራጫል፣ መስመጡ ይቀንሳል። ተወዳዳሪዎች ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው)፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይነዳሉ። ግን እነሱ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ አላቸው። አንተ የለህም። አየሩን ከልክ በላይ ካወረድክ ጎማው ቸርኬው ላይ ይሽከረከርና የውስጥ ጎማህን አፍ ይበጥሰዋል። ጭነትም ስላለህ ከፊት 18፣ ከኋላ ከ20 እስከ 22 አድርገው። ልዩነቱን በመጀመሪያው ኩርባ ታየዋለህ። ወደ አስፋልት ስትመለስ እንደገና መሙላት ይኖርብሃል፤ አየሩ ያነሰ ጎማ ጭነት ተሸክሞ አስፋልት ላይ ሲሮጥ ይሞቃል፣ መሪውም ይከብዳል። የብስክሌት ያህል ትንሽ የእጅ ፓምፕና የአየር መለኪያ ከመቀመጫ ሥር ይኑርህ።

የክትባት ሳጥንህ ነገር ከሁሉ ያሳሰበኝ ነው። ሰዎች ከኋላ ያለ ጭነት የፊቱን ስለሚያቀል ለአሸዋ ጥሩ ይመስላቸዋል። ፖርቶመጋላው ጫፍ ላይ፣ ከኋላ ጎማ ዘንግ አልፎ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሳጥን ግን ሞተሩ በተወዛወዘ ቁጥር ጅራቱን ይገፋዋል፤ ኩርባ ውስጥ ጋዝ ስትሰጥ ደግሞ የፊቱን ከልክ በላይ ያነሣውና ወደ ውጭ ያሸሸዋል። ሳጥኑን ወደ ፊት፣ ከጀርባህ ጋር እስኪነካካ ድረስ አምጣው። የበረዶ ጥቅሉ የበለጠ ከባድ ስለሆነ ከሌላ ዕቃ በላይ አይቀመጥ። ላስቲክ ብቻውን አይበቃም፤ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ሳጥኑም ከአንተ ዘግይቶ ይወዛወዛል። የማይለጠጥ ቀበቶ ይጨመርበት። ሁለት የጎን ቦርሳ ማግኘት ከቻልክና መርፌውን፣ መድኃኒቱን፣ ውኃውን ወደዚያ ዝቅ ካደረግክ በጣም ይሻላል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ አንድ ጊዜ ወድቀህ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ብትቆይ የወደቅከው አንተ ብቻ አይደለህም፣ የገበሬው ከብት ክትባት ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ያለው ልምምድ ያለ ሳጥኑ ነው።

ለልምምዱ ደረቅ ሸለቆ ፈልግ፤ ሰፊና ጎኑ ዝቅ ያለ። አሸዋ የሚያወጡበትን ቦታ ሽሽ፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ይኖራል፣ መኪናም ይመላለሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ሸለቆ ውስጥ ጭራሽ አትለማመድ፤ አንተ ጋ ሳይዘንብ ተራራው ላይ የዘነበ ጎርፍ ሊደርስብህ ይችላል። ሰው ይዘህ ሂድ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ጫማ አድርግ።

ሁለት ሃይላንድ አሸዋ ሞልተህ 20 ሜትር አራርቀህ አስቀምጥና ዙሪያቸውን በስምንት ቁጥር ዙር። ሁለተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። መጀመሪያ ላይ ሌላ ምንም አታስብ፤ መቀመጫህንም ክርንህንም እርሳው። የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኢንጅኑ ድምፅ ከመዞሪያው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይውረድ። ጓደኛህ ዳር ቆሞ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ፤ ድምፁ በወረደ ቁጥር እጁን ያንሣ። አንተ «አልዘጋሁም» ትላለህ፣ ጆሮው ግን ይሰማል። ድምፁ እኩል መሆን ሲጀምር የውጪውን መርገጫ መጫን ጨምር። እሱ ሲለምድ ዐይንህን ወደሚቀጥለው ሃይላንድ ቀድሞ መላክን። ከዚያ በኋላ ነው ርቀቱን ወደ 15 ሜትር የምታጠበው። መንገዱ እየተቦረቦረ ቦይና ግድብ ሲሠራ ደስ ይበልህ፤ አትቀይረው፣ እዚያው ተለማመድ፤ እውነተኛው መንገድም የሚጠብቅህ እንደዚያው ሆኖ ነው። ሰውነት ሲዝል እጅ ጋዝ መዝጋት ይጀምራልና ሳይደክምህ አቁም።

ቪዲዮ ማየት ከወደድክ ደግሞ በቤልጅየም ሎሜል ላይ የሚደረገውን የአሸዋ ሞተር ክሮስ ፈልግ። ኔዘርላንዳዊው ጄፍሪ ኸርሊንግስ፣ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ በአሸዋ ሜዳ ላይ እጅግ የሚፈራ ጋላቢ ነው። ፍጥነቱን ልትከተል አትሞክር፤ ድምፁን ስማ። ያ ሁሉ ቦይ፣ ያ ሁሉ መወዛወዝ እያለ ኢንጅኑ ኩርባ መሐል ዝም አይልም። ልብህ እንዲሰማ የምፈልገው ይህንን ነው።

ከአሸዋ ቀን በኋላ ማታ የአየር ፊልትሮውን ሳታይ አትደር። የእሳተ ገሞራ አመድ በጣም ደቃቅ የመስታወት ስብርባሪ ነው፤ ወደ ኢንጅኑ ከገባ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፍቃል። ካቴናውን ዘይት አታጥግበው፤ የረጠበ ዘይት አሸዋ ይሰበስብና ጥርሱን ይበላዋል። አጽዳው፣ በትንሹ ቀባው፣ የተረፈውን በጨርቅ ጥረገው።

ስለ 250ው፣ አሁን አትቀይር። ኤክስቲዜድ ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ኢንች ቸርኬ ያለው ሞተር ነው፤ ለአሸዋ የሚፈለገው ትልቅ የፊት ጎማ አለህ። ቀላል ስለሆነም ሲወድቅ ብቻህን ታነሣዋለህ፤ ከሰው ርቀህ ስትሠራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 250ዎቹ የሥራ ሞተሮች ከአንተው በ20 እና በ30 ኪሎ ይከብዳሉ፣ ጋዝ ለመዝጋት ለለመደ እጅ ደግሞ ክብደቱ የበለጠ ይቀብረዋል። አቅም አነሰኝ የሚባለው ጋዙን ሙሉ ከፍተህም አሸዋው ሲያሸንፍህ ነው፤ የአንተ ችግር ኩርባ መሐል ነው፣ እዚያ ደግሞ ጋዝህ ዝግ ነው። ለ250 ያሰብከውን ገንዘብ ከፊሉን ጥርስ ያለው የፊት ጎማና የተሻለ የኋላ አሞርዛቶር ላይ አውለው፤ ጭነት ተሸክሞ ወደ ታች የማይጨርስ አሞርዛቶር። ቀሪው ለቦት ይሁን። ከሁሉም መጀመሪያ ግን ቦቱን ግዛ።